ሳህን ላይ የሚቀርበው መጠንና የሚበላው ልክ፦ የምሳ አዳራሽን ድርሻ ስለመቀነስ

ሚዛን_ያዥ (ክሩን የከፈተ)

የአንድ የምሳ አዳራሽን አሠራር ለመለወጥ የተያዘ እቅድ አለ። ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች ቢያዩት ይሻላል። በቀን ወደ 200 ሰው ይመገባል። ዋናውን ምግብ አስተናጋጅ ይጨልፋል፤ ዳቦና መጠጥ ሰው ራሱ ያነሳል፤ ጭማሪ የጠየቀ አይከለከልም። አሁን ዋናው ምግብ በአማካይ 470 ግራም ይቀርባል።

እቅዱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሁሉንም ነገር መጠን በሲሶ መቀነስ። ሁለተኛ፣ ምግቡ ትንሽ እንዳይመስል 28 ሳንቲ ሜትር የነበረውን ሳህን በ24 መተካት። የሚፈለገው ሰው በምሳ የሚወስደው ካሎሪ እንዲወርድ እንጂ ሆዱ እየጮኸ እንዲወጣ አይደለም።

ጥያቄዎቹ፦ መጠን ሲቀንስ የሚበላው በምን ያህል ይቀንሳል? የሳህኑ ነገር እውነት ይሠራል? እቅዱ የሚበላሸውስ የት ላይ ነው?

---

ሥነምግብ_መምህር

ከመጨረሻው ልጀምር። እቅዱ የሚበላሸው «የሁሉንም ነገር» የሚለው ላይ ነው። ምክንያቱን ታች እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንይ።

ብዙ ሲቀርብ ብዙ እንደሚበላ በደንብ የተረጋገጠ ነገር ነው። በዚህ መስክ ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ባርባራ ሮልስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ለ51 ወንዶችና ሴቶች በተለያዩ ቀናት ማካሮኒ በአይብ አቀረቡ፤ አንድ ቀን 500፣ ሌላ ቀን 625፣ ሌላ ቀን 750፣ ሌላ ቀን 1000 ግራም። 1000 ግራም በቀረበበት ቀን የተበላው ካሎሪ 500 ግራም ከቀረበበት ቀን በ30 በመቶ በለጠ። ምግቡ ሳህን ላይ ተደርጎ መምጣቱ ወይም ሰው ራሱ ከማቅረቢያው ማውጣቱ ለውጥ አላመጣም። መጠኑ ከቀን ቀን እንደተለያየ ያስተዋሉት ከግማሽ በታች ነበሩ።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር እጥፍ ሲቀርብ እጥፍ እንደማይበላ ነው። ብዙ ጥናቶችን ያዳመረ የ2014 ትንተና መጠን በእጥፍ ሲያድግ የሚበላው በአማካይ በ35 በመቶ እንደሚጨምር አስልቷል። ወደላይ ሲኬድ ሆድ መሙላት ያቆመዋል፤ ስለዚህ መስመሩ እየተኛ ይሄዳል።

ወደታችስ? በ2006 በወጣው የነሮልስ ጥናት 24 ወጣት ሴቶች ለሁለት ሁለት ቀን ተመገቡ። መጠን በ25 በመቶ ሲቀነስ የቀኑ ካሎሪ የወረደው በ10 በመቶ ብቻ ነበር፤ ወደ 231 ካሎሪ መሆኑ ነው። ነገር ግን ይህን ቁጥር ወደ አዳራሹ በቀጥታ አትውሰደው። በብዙዎቹ ሙከራዎች የሚቀርበው ሰው ጨርሶ ከሚበላው ይበልጣል፤ ትርፍ ይመለሳል። በአዳራሹ ሳህን ባዶ ሆኖ የሚመለስ ከሆነ ግን ድርሻው ራሱ ጣሪያ ነው፤ ከጣሪያው 100 ግራም ብትቀንስ 100 ግራሙ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ያ ሰው ወደ ጭማሪ ይሄዳል ወይስ ወደ ዳቦው የሚለው ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት፦ አሁን ሳህን ላይ የሚቀረው ስንት ነው?

---

ጥያቄ_አብዢ

ይቅርታ መምህር፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ሰውነት ራሱን አያስተካክልም እንዴ? ምሳ ላይ የበዛበት ሰው እራት ላይ ይቀንሳል፤ ያነሰበትም ያካክሳል። በመጨረሻ ዜሮ ለዜሮ አይሆንም?

---

ሥነምግብ_መምህር

የሚጠበቀው እሱ ነበር፤ ሲለካ ግን አልተገኘም። በ2007 በታተመ ሙከራ 23 ሰዎች ለ11 ተከታታይ ቀናት የሚበሉትና የሚጠጡት ሁሉ ቀረበላቸው፤ አንዴ በተለመደው መጠን፣ ሌላ ጊዜ በ50 በመቶ አድጎ። መጠኑ ባደገበት ወቅት በቀን በአማካይ 423 ካሎሪ ተጨማሪ በሉ። በአሥራ አንዱ ቀን ተደምሮ ከ4600 በላይ ነው። ልዩነቱ ቀን በገፋ ቁጥር ይጠባል ተብሎ ነበር፤ አልጠበበም።

ምክንያቱ የጥጋብ ምልክቶች ዘገምተኛ መሆናቸው ነው። የጨጓራ መወጠር ቶሎ ይሰማል፤ እሱ ግን የሚቆጥረው የገባውን ይዘት እንጂ ካሎሪውን አይደለም። ከአንጀት የሚለቀቁት ሆርሞኖች ሥራቸውን እስኪሠሩ ሩብ ሰዓት አካባቢ ያልፋል፤ እስከዚያ ሳህኑ ያልቃል። ስለዚህ «በቃኝ»ን በአብዛኛው የሚወስነው ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት ዓይን የገመተው ነው። ዓይን ደግሞ ልክ የሚያደርገው የቀረበለትን ነው። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲው ኤሪክ ሮቢንሰንና ባልደረባቸው በ2018 ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ዛሬ አነስ ያለ ድርሻ የበላ ሰው ነገ ራሱ ሲቀዳ የሚቀዳው ያንሳል።

አንተ ካልከው እውነት የሆነው፣ ክፍተቱ በጣም ሲሰፋ ማካካሻ መምጣቱ ነው። 470ን በአንድ ቀን ወደ 313 መጣል እዚያ ክልል ውስጥ ይገባል ባይ ነኝ።

---

ቁጥር_አጣሪ

የሳህኑን ነገር እኔ ልያዘው፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ የተሳሳተ ወሬ ስላለ።

ሐሳቡ የመጣው ዴልቡፍ የተባለ ቤልጂየማዊ በ1865 ከገለጸው የዓይን ስህተት ነው። እኩል የሆኑ ሁለት ክቦች፣ አንዱ በጠባብ ቀለበት ሌላው በሰፊ ቀለበት ሲከበቡ፣ በሰፊው ውስጥ ያለው ያነሰ ይመስላል። ከዚያ «ትንሽ ሳህን ስጠው፣ ትንሽ ይበላል» ወደሚለው መዝለል ቀላል ሆነ።

ሮልስ ይህን በ2007 በሦስት ሙከራ ፈተኑት፤ 17፣ 22 እና 26 ሳንቲ ሜትር ሳህን። በሚበላው ካሎሪ ላይ ትርጉም ያለው ለውጥ አላገኙም። ትንሽ ሳህን የያዘ ሰው ደጋግሞ ተመላልሶ ቀዳ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ የተደመሩት ትንተናዎችም አንድ ቃል አይናገሩም፤ ውጤት ያሳዩት በአብዛኛው ሰው ራሱ የሚቀዳባቸው ናቸው። በዚህ አዳራሽ የሚቀዳው አስተናጋጁ ስለሆነ ሳህን ሊነካ የሚችለው የአስተናጋጁን እጅ ነው እንጂ የበላተኛውን አይደለም።

ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃ ላይ በሰፊው ሲጠቀሱ የኖሩት ሥራዎች የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዋንሲንክ መሆናቸውንም ማወቅ ጥሩ ነው። በመስከረም 2018 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር የሚያሳትማቸው የጃማ መጽሔቶች ስድስት ጽሑፎቻቸውን በአንድ ቀን ሰረዙ፤ ከተሰረዙት አንዱ የማቅረቢያ ጎድጓዳ ዕቃ ስፋት የሚወሰደውን መክሰስ ያሳድጋል የሚለው ነበር። በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ጥሰት ማግኘቱንና ፕሮፌሰሩ ሥራ ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቀ። ስለዚህ «ሳህን ብቻ ቀይር» የሚል ምክር ስታዩ መሠረቱ የትኛው ጥናት እንደሆነ ጠይቁ። የድርሻ መጠን ግኝት ግን በእሳቸው ላይ የቆመ አይደለም። የጤና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2015 ያወጣው ግምገማ ድርሻን፣ ማሸጊያንና የገበታ ዕቃን በተመለከተ 72 ጥናቶችን ሰብስቦ ትልቅ መጠን የሚበላውን እንደሚያሳድግ ደምድሟል።

ሌላው ጂኦሜትሪ ነው። ከ28 ወደ 24 መውረድ በወረቀት ትልቅ ለውጥ ነው፤ የሰፊው ስፋት የጠባቡን 1.36 እጥፍ ይሆናል። ግን ምግብ የሚቀመጠው ከከንፈሩ ውስጥ ባለው ክብ ላይ ነው። የ28ቱ ሳህን ከንፈር ዙሪያውን 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውስጡ 20 ነው። የ24ቱ ከንፈር 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የእሱም ውስጥ 20 ነው። አንድ ናቸው! ሳህን የሚገዛ ሰው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የተጻፈውን ሳይሆን ውስጡን በማስመሪያ ይለካ። ጥልቀቱንም እንዲሁ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር የጠለቀ ሳህን ሾርባማ ምግብ ላይ ከሰፊ ሳህን የበለጠ ይደብቃል።

---

ማድቤት_ኃላፊ

ቁጥር_አጣሪ ከላይ በነካካው ልቀጥል። በአዳራሽ ውስጥ ድርሻን የሚወስነው ጭልፋው ነው፤ ጭልፋውን የሚወስነው ደግሞ የያዘው ሰው ነው። «በአማካይ 470» ስትል ምን ያህል ተለያይቶ ነው? አማካዩ 470 ሆኖ አንዱ 390፣ ሌላው 560 ሊደርሰው ይችላል። እንዲህ ባለ መለያየት ላይ 40 ግራም ብትቀንስ ለውጡ በጭልፋው መዋዠቅ ውስጥ ይጠፋል።

መጀመሪያ የሚደረገው እንዲህ ነው። ባዶ ሳህን ሚዛን ላይ አድርገህ ወደ ዜሮ መልስ፤ ለአስተናጋጁ ሳይነገረው ከሰልፉ መሐል አሥር ሳህን አንሥተህ መዝን። በምሳው መጀመሪያ አሥር፣ መሐል ላይ አሥር፣ ድስቱ ሊያልቅ ሲል አሥር። ብዙ ጊዜ የሚታየው መጀመሪያ ላይ እጅ መሰብሰብ፣ መጨረሻ ላይ መፍሰስ ነው፤ ወይም ምግብ የሚያልቅ የመሰለ ዕለት የዚህ ግልባጭ። ትንሹና ትልቁ ሳህን ከ60 ግራም በላይ ከተራራቁ ሌላውን እቅድ ሁሉ አቁመህ ጭልፋውን አስተካክል።

ጭልፋ ሲመረጥ የሚታየው የሚይዘው ይዘት ነው። ውሃ ሞልተህ መዝነው፤ 250 ግራም ውሃ የሚይዝ ጭልፋ 250 ሚሊ ሊትር ነው። ችግሩ ወፍራም ምግብ ከጭልፋው አፍ በላይ መቆለሉ ነው። ሾርባ አይቆለልም፣ ማካሮኒ ይቆለላል። ስለዚህ ለማካሮኒና ለሩዝ ጭልፋውን በድስቱ ጠርዝ ላይ ጠረግ አድርጎ ማስተካከል የሥራው አካል ይሁን። «አንድ ተኩል ጭልፋ» የሚባል መመሪያ አትስጥ፤ ግማሽን ማንም በእኩል አይቀዳም። ድርሻው አንድ ሙሉ ወይም ሁለት ሙሉ ጭልፋ እንዲሆን ለድርሻው የሚስማማ ጭልፋ ፈልግ።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፤ ድስቱ ካልተማሰለ ዘይት ይንሳፈፋል፣ ሥጋና አትክልት ይዘቅጣል። ከላይ የተጨለፈለት ዘይት ይበላል፣ ከታች የተጨለፈለት ቁርጡን። ሁለቱ ሳህኖች በግራም እኩል ሆነው በካሎሪ ይራራቃሉ። በየሃያ ሳህኑ ከሥር ማማሰል ይፈታዋል።

ጥሬና የበሰለ ክብደት መደባለቅም የተለመደ ስህተት ነው። 100 ግራም ደረቅ ማካሮኒ ሲበስል ከ220 እስከ 250 ይሆናል፤ ሩዝ ከዚያም ያልፋል። ድርሻ በበሰለ ተጽፎ ግዢው በጥሬ ሲሰላ፣ አንዱ «100 ግራም» ሲል ሌላው ሌላ ይሰማል። በወረቀቱ ላይ «የበሰለ» ወይም «ደረቅ» የሚል ቃል ሳይጻፍ ቁጥር አይጻፍ።

---

ሥነምግብ_መምህር

አሁን «የሁሉንም ነገር»ን ላፍርሰው።

ሰው ከቀን ቀን የሚጠብቀው የምግቡን ክብደትና ይዘት ነው፤ ካሎሪውን አያይም። ስለዚህ ዋናው መዘውር በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ካሎሪ ነው፤ የካሎሪ እፍግታ እንበለው። ስብ በግራም 9፣ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ ውሃ ዜሮ። አትክልት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ለዚህ ነው አትክልት የተጨመረበት ድስት ሳያንስ የሚቀለው።

ቅድም በጠቀስኩት የ2006 ሙከራ ይህም አብሮ ተፈትኗል። መጠን በ25 በመቶ ሲቀንስ ካሎሪ በ10 በመቶ ወረደ፤ እፍግታ በ25 በመቶ ሲቀንስ ግን በ24 በመቶ ወረደ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲደረጉ ውጤታቸው ተደመረ፤ በቀን ወደ 800 ካሎሪ። የረሃብና የጥጋብ ስሜት ልዩነት ደግሞ ትንሽ ነበር።

በአዳራሹ ድስት ላይ እንሥራው። ለ10 ሰው፦ ደረቅ ማካሮኒ 1000 ግራም፣ የተፈጨ ሥጋ 800፣ ዘይት 200፣ ቲማቲምና ሽንኩርት 1200፣ አይብ 200። ካሎሪው በግምት 3600፣ 2000፣ 1800፣ 300 እና 800፤ ድምሩ 8500። ማካሮኒው በስሎ 2300 ግራም ቢሆን ጠቅላላ ክብደቱ 4700 ነው፤ በግራም 1.81 ካሎሪ፣ በ470 ግራም ሳህን 850።

አሁን ማካሮኒውን ወደ 800፣ ዘይቱን ወደ 80፣ አይቡን ወደ 100 እናውርድ። ሥጋው አይነካ። ካሮትና ዝኩኒ 700 ግራም እንጨምር። ካሎሪው 2880፣ 2000፣ 720፣ 400፣ አትክልቱ በሙሉ 520፤ ድምሩ 6520። ክብደቱ 4720። በግራም 1.38። ያው 470 ግራም ሳህን አሁን 650 ካሎሪ ነው። ጭልፋው አልተነካም፣ ሳህኑም አልተለወጠም።

የሚበላሽበትን ልንገርህ። አትክልት ውሃ ይተፋል፤ ምግብ አብሳዩ «ቀጠነ» ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ካደረቀው ግማሽ ኪሎ ውሃ ይሄዳል። ካሎሪው ያው 6520 ሆኖ ክብደቱ 4220 ይሆናል፤ እፍግታው ወደ 1.54 ይመለሳል። ስለዚህ የሚመዘነው ያለቀለት ድስት ነው። ሁለተኛው መበላሻ ዘይት በዓይን መጨመር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ «ትንሽ ጠብ አድርግበት» የሚባለው ጠብታ ለ10 ሰው አምስት ማንኪያ ቢሆን በነፍስ ወከፍ 60 ካሎሪ ተመለሰ ማለት ነው። ሦስተኛው ጣዕም ነው፦ ዘይትና አይብ ሲወርዱ ሽንኩርቱን ረጋ ብሎ ማቁላላትና ቲማቲሙን አስቀድሞ ማብሰል ካልተጨመረበት ሰው ያስተውላል።

እናም ትልቅ ድርሻ ጠላት አይደለም፤ ትልቅ መሆን ያለበት ቀላሉ ምግብ ነው። በ2004 በታተመ ጥናት ከዋናው ምግብ በፊት 300 ግራም፣ 100 ካሎሪ ያለው ሰላጣ የበሉ ሰዎች ሰላጣው ተቆጥሮም የምሳቸው ካሎሪ በ12 በመቶ ወረደ። ያው 300 ግራም ሰላጣ በአይብና በቅባታማ ማጣፈጫ ሲከብድ ግን ምሳው በ17 በመቶ ጨመረ። ሾርባ ከምግብ በፊት ሲቀርብም ጠቅላላው በ20 በመቶ የቀነሰበት የ2007 ሙከራ አለ። መጠጥ ግን ሌላ ነው፤ ስኳር ያለው መጠጥ በትልቅ ብርጭቆ ሲሰጥ የሚጠጣው ይጨምራል፣ የሚበላው ግን አይቀንስም።

---

የልጆች_ገበታ

አዳራሹ ልጆች ካሉበት ሕጉ በዕድሜ ይለያያል። በ2000 በታተመ ሥራ የሦስት ዓመት ልጆች የቀረበላቸው መጠን ቢያድግም የሚበሉት አልተለወጠም፤ የአምስት ዓመቶቹ ግን እንደ አዋቂ ጨመሩ። በኋላ የወጡ ጥናቶች ትንንሾቹም ላይ ውጤት ስላገኙ ዕድሜውን እንደ ግድግዳ አትውሰዱት።

ይበልጥ የሚጠቅመው የ2003ቱ ነው። የልጆች ዋና ምግብ በእጥፍ ሲቀርብ የበሉት በ25 በመቶ፣ የምሳው ካሎሪ በ15 በመቶ አደገ። የጨመሩት ጉርሻቸውን በማተለቅ ነው። እነዚያው ልጆች ራሳቸው እንዲቀዱ ሲደረግ ከትልቁ ድርሻ ይልቅ 25 በመቶ ያነሰ በሉ። ስለዚህ ለልጅ ትንሽ ማንኪያና ጎድጓዳ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ስትፈልግ ድገም» ማለት ይሻላል። ማቅረቢያ ማንኪያው ከ60 ሚሊ ሊትር ካለፈ በአንድ ቅጂ ሳህኑ ይሞላል፣ ነገሩም ትርጉም ያጣል። «ጨርስ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ሁሉንም ያበላሻል፤ የልጁን ጥጋብ ትቶ የቀጂውን ግምት ልክ ያደርጋል።

---

ጥያቄ_አብዢ

ጉርሻ ከተነሣ፦ ትንሽ ማንኪያ መስጠትስ? ቀስ ብሎ እንዲበላ።

---

ቁጥር_አጣሪ

የጉርሻ መጠን ይሠራል፤ ትንሽ ማንኪያ ግን አስተማማኝ መንገድ አይደለም። በኔዘርላንድስ በ2009 የወጣ ሙከራ 5 እና 15 ግራም ጉርሻን አነጻጽሮ በትልቁ ጉርሻ ይበልጥ እንደሚበላ አሳይቷል፤ እዚያ ግን ጉርሻውን የሚለካው ፓምፕ ነበር። በነፃ የሚበላ ሰው ትንሽ ማንኪያ ሲይዝ ያፈጥናል። ይልቅ የምግቡን ቅርጽ ለውጡ። የሚታኘክ ነገር፣ ከመፈጨት ይልቅ በቁርጥ የቀረበ አትክልት፣ ፍጥነትን በራሱ ይይዛል። የተፈጨና የለሰለሰ ምግብ በደቂቃ የሚዋጠው ግራም ብዙ ነው።

ሌላው የቁጥር ነገር ነው። ሰው «አንድ» የሚባልን ነገር እንደ ተገቢ ልክ ይወስዳል። በ2011 በታተመ ሥራ ከረሜላ ለሁለት ተቆርጦ ሲቀርብ ሰዎች የወሰዱት ቁራጭ በቁጥር ያው ሆኖ በክብደት ግማሽ ሆነ። ይህ ለዳቦና ለጣፋጭ በቀጥታ ይሠራል፤ ለሚጨለፍ ምግብ አይሠራም።

---

ሰንጠረዥ

እቅዱ ሠራ ወይም አልሠራም የሚለው እንዴት እንደሚለካ ማንም አልጻፈም፤ ያለዚህ ክርክሩ በስሜት ያልቃል።

በየቀኑ አራት ቁጥር ብቻ ይመዝገብ፦ የተበሰለው፣ ድስት ውስጥ የቀረው፣ ከሳህን የተመለሰው፣ የተመገበው ሰው። ለምሳሌ 94 ኪሎ በስሎ 6 ድስት ውስጥ ቀርቶ 5 ከሳህን ቢመለስ፣ 83 ኪሎ ለ190 ሰው፤ በነፍስ ወከፍ 437 ግራም። ለተመላሽ ምግብ የራሱ ባልዲ ይኑር፤ አጥንት፣ ልጣጭና የወረቀት መሐረብ እዚያ ከገባ ቁጥሩ ይረክሳል። የዳቦውንም እንዲሁ፤ የወጣው ሲቀነስ የተመለሰው። ጭማሪ የጠየቀውን አስተናጋጁ በመስመር ይቁጠር።

ሁለት ሳምንት ምንም ሳይለወጥ ይለካ። ከዚያ ለውጡ አራት ሳምንት ይሂድ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ከስሌቱ ይውጣ። ያ ሳምንት የወሬ ሳምንት ነው፤ ሰው ለውጡን እያየ ነው የሚበላው። የሚነጻጸረው ደግሞ ያው ምግብ ከያው ምግብ ጋር ነው። ማካሮኒ የተበላበትን ሰኞ ሩዝ ከተበላበት ሰኞ ጋር አስተያይቶ «ቀነሰ» ማለት ባዶ ነው።

ለማንበብ እንዲመች፦ ከሳህን የተመለሰው ከቀረበው 10 በመቶ ገደማ ከሆነ ድርሻው ከፍላጎት በላይ ነበር፤ ያንን ያህል መቀነስ ማንንም አያስርብም። 2 በመቶ ከሆነ ድርሻው ጣሪያ ሆኗል፤ እዚያ ላይ ስትቀንስ የጭማሪውን መስመርና የዳቦውን ቅርጫት ተመልከት። ይህ የኔ ማስመሪያ ነው፣ ሕግ አይደለም።

---

ክሊኒክ_ቲ

ማንን እንደሚመግብ አልተጻፈም፤ ስለዚህ አንድ ማሳሰቢያ። አረጋውያን፣ ከሕመም የሚያገግሙ፣ ክብደታቸው ሳይፈልጉ የወረደ፣ ነፍሰ ጡሮችና ከባድ የጉልበት ሥራ ያለባቸው በዚህ ስሌት አይገዙም። ለምግብ ፍላጎታቸው ለወደቀ አረጋውያን ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል፦ ትልቅ ሳህን ገና ሲያዩት ያጠግባቸዋል፤ ትንሽ ድርሻ፣ ግን በእንቁላል፣ በወተትና በዘይት የከበደ፣ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይሻላቸዋል። የኢንሱሊን መጠናቸው ከምግቡ ካርቦሃይድሬት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመምተኞች ካሉ ማካሮኒው ከ1000 ወደ 800 ሲወርድ ሊነገራቸው ይገባል፤ ሳህኑ ያው ሆኖ ውስጡ ተለውጧልና። የአመጋገብ መታወክ ለነበረበት ሰው ደግሞ ግድግዳ ላይ ካሎሪ መለጠፍ ጎጂ ነው። ሌላው ሁሉ ከተጻፈው ጋር እስማማለሁ።

---

ሚዛን_ያዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተመጋቢዎቹ አብዛኛው የቢሮ ሠራተኛ አዋቂ ነው፤ ለሌሎቹ የተለየ ሳህን ይዘጋጃል። የታረመው እቅድ፦ ሳህን አይገዛም። መጀመሪያ ጭልፋ ይስተካከላል፣ ሁለት ሳምንት ይለካል። ከዚያ የማካሮኒው አሠራር ወደ 1.38 ይወርዳል፣ ጭልፋው ከ470 ወደ 430 ግራም። ክብደት 8.5 በመቶ፣ እፍግታ 24 በመቶ፤ ድምሩ 32.5 በመቶ ቅናሽ። ዳቦው ከ60 ግራም ወደ 40 ይቆረጣል። የቀረ ነገር አለ?

---

ሰንጠረዥ

መቶኛው አይደመርም፣ ይባዛል። 430 ሲባዛ በ1.38 ወደ 593 ካሎሪ ይሆናል፤ ከ850 አንጻር 30 በመቶ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ሪፖርት ላይ ያስነቅፋል። ሁለቱን በአንድ ቀን አትጀምራቸው፤ መጀመሪያ አሠራሩን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጭልፋውን። አለበለዚያ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

---

ማድቤት_ኃላፊ

ዳቦውን ደግመህ አስብበት። 60 ግራም ዳቦ 160 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ከዋናው ምግብ ያተረፍከው 257 ሰው አንድ ተኩል ዳቦ ሲጨምር ያልቃል። ወደ 40 ስትቆርጠው ደግሞ አንድ የሚያነሳው ይቀንስልሃል፣ «ትንሽ ናት» ብሎ ሁለት የሚያነሳው ግን 80 ይበላል፤ ከድሮው 20 ግራም በለጠ። ቅርጫቱን ከሰልፉ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው፣ ሰላጣውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አዛውር፤ ሳህኑ ሞልቶ ዳቦው ጋ የሚደርስ ሰው እጁ ይከብዳል። የዳቦ ቆጠራውንም በግራም አድርገው እንጂ በቁጥር አትያዘው፤ በቁጥር ከያዝከው 200 የነበረው 260 ሲሆን «ዳቦ ጨመረ» ብለህ ትደነግጣለህ፤ 12 ኪሎ የነበረው ግን ወደ 10.4 ወርዷል።